የመጨረሻዋ መኪና

«በድሉ! አንተ በድሉ ነህ አይደል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ገና ቁጭ በሉ ሳይባሉ።

ሽምግልና ላይ እንዲህ አይደረግም። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ በር አጠገብ ቆሞ የመጣበትን ጉዳይ ይናገራል፤ የልጅቷ አባት ትንሽ ይኮራል፣ ትንሽ ያስጨንቃል፣ ከዚያ «ተቀመጡ» ይላል። እናቴ ዘሪቱ አባዬን ሳምንቱን ሙሉ ስታለማምደው ነበር። «ቶሎ እሺ እንዳትል፤ ልጃችን የከበደችን እንዳይመስላቸው» ትለው ነበር። እህቴ ፀዲ መኝታ ቤት ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች። እኔ ኢዩኤል፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ለስላሳ የተደረደረበት ትሪ ይዤ ኩሽናው በር ላይ ቆሜአለሁ። ሁሉም ነገር በወጉ ሊጀመር ሲል ነው እንግዲህ የሙሽራው የቢንያም አጎት ጋሽ አበበ፣ ፓስተሩ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጣታቸውን ዘርግተው አባቴን በስሙ የጠሩት።

አባዬ አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ተሳስተዋል ጌታዬ» አለ። «አላውቅዎትም።»

ስሙ በድሉ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙ በድሉ እንደሆነ ያውቃል። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እናቴ መሬት መሬት አየች። ጋሽ አበበ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱና «ይቅርታ፣ የኔ ስህተት ነው» አሉ። ሽምግልናው ቀጠለ። ፀዲ ተጠየቀች፣ አባዬ እናቴ እንዳስጠናችው ትንሽ ኮራ፣ ከዚያ ፈቀደ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ተበላ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የተባለውን አንዱንም አልሰማሁም። ልቤ እንደ ሕፃን ልብ ይዘል ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን በድሮው ዘመን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ገብቷል።

አባቴ ወታደር እንደነበረ አውቃለሁ። በብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሰሜን እንደዘመተ እናቴ አንድ ጊዜ፣ ልብስ እያጣጠፈች ነግራኛለች። ሌላውን እየለቃቀምኩ ነው የገጣጠምኩት። ከአገር ርቀን፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ሳድግ አባዬ ከማንም ጋር ስለ ጦርነት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ዜናው ሰሜንን ካነሳ ተነስቶ ግቢውን ያጠጣል። ደግሞ ስፖኪዮ ማየት ያበዛል። በሁለት መኪና ከሄድን መንገዱን ሳይሆን ከኋላ ያለችውን መኪና ነው የሚነዳው የሚመስለው። ልጅ ሆነን ፑብሎ ከተማ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስንሄድ፣ የአክስቴ መኪና ከመስታወቱ ከጠፋች ዳር ይዞ ይቆማል። ቀዝቃዛ ይሁን፣ በረዶ ይሁን፣ ይቆማል። «ትመጣለች እኮ፣ ስልክ አላት» ብንለው አይመልስልንም።

ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ ምን አደረግኩ? ስኮትላንድ ሄጄ ተማርኩ። የትምህርት ዘርፌን እየቀያየርኩ ቆይቼ በመጨረሻ እዚያ ስለሚኖሩ የቦስኒያ የቀድሞ ወታደሮች ጻፍኩ። በአስተርጓሚ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ፣ «ከዚያስ? ያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬ አባቴን ስልክ ስደውልለት «ሥራ እንዴት ነው? ብርዱስ?» ከማለት አላለፍኩም። ባለፈው መኸር ተመለስኩ። ሻንጣዬ እስካሁን አልተራገፈም፤ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ይለኛል፣ ወዴት እንደሆነ ግን እኔም እሱም አናውቅም።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባዬ፣ እንግዳን እስከ መኪናው ሳይሸኝ የማያውቀው ሰው፣ ከሶፋው አልተነሳም። እኔ በካልሲዬ ሮጥኩ።

«ጋሽ አበበ! ጋሽ አበበ! አባዬን ከየት ነው የሚያውቁት?»

ዞረው አዩኝ። አጭር፣ ፊታቸው ለሳቅ የቀረበ ሰው ናቸው፤ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ።

«አላውቅህም አለኝ እኮ። እሱ ካላወቀኝ እኔ እንዴት አውቀዋለሁ?»

«ጋሽ አበበ፣ እባክዎ!»

«ስማ፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤ ነገር ልናነሳ አይደለም። መጀመሪያ እህትህን እንውሰድ። የሠርጉ ዕለት ጠይቀኝ።» መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ካልሲህ በሰበሰ፤ ግባ።»

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሠርጉን ከሙሽራዋ የበለጠ የናፈቅኩት እኔ ነበርኩ። ደስታው ግን ብቻውን አልነበረም። ሰው የሚያውቀውን ሰው አላውቅህም የሚለው ለምንድን ነው? ሌሊት ሌሊት ስገላበጥ የማይሆን ነገር እስላለሁ፤ ጠዋት አባዬ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የኤርፖርቱን ሸትል አውቶቡስ ሊነዳ ሲወጣ አየውና አፍራለሁ። አባቴ ያን ጊዜ ምን አደረገ? ማወቅ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው። ካላወቅኩ ደግሞ፣ ሻንጣዬን ብራግፍም ባላራግፍም፣ እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ።

*

ፀዲ ሊሞዚን ፈልጋ ነበር። አባዬ እምቢ አለ።

«ልጄን እኔ ነኝ የምነዳት።»

ነጭ ትልቅ መኪና ተከራየ፤ አጎንብሶ በገዛ እጁ ሪባን አሰረባት። የሠርጉ ጠዋት ቤታችን በር ላይ የቆሙትን መኪናዎች አንድ በአንድ እየዞረ ያሰልፋቸው ጀመር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ትከሻው ሰፋ፤ ድምፁ ጎላ፤ በጣቱ ሲያመለክት ሰው ሁሉ ወዲያው ይታዘዛል።

«ስሙኝ! ከፊታችሁ ያለውን መኪና ማንም ያያል። እናንተ የምታዩት ከኋላችሁ ያለውን ነው። ከኋላ ያለው ከጠፋ ፍጥነት ቀንሱ፤ እናንተ ስትቀንሱ የፊቱ ያያችኋል፣ እሱም ይቀንሳል፤ እስከኔ ይደርሳል። ገባችሁ?»

«ጋሼ በድሉ፣ አድራሻውን ግሩፑ ላይ ልኬዋለሁ» አለ የአክስቴ ልጅ ማቲ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ። «ሁሉም ሰው ጂፒኤስ አለው!»

«ጂፒኤስ ከኋላህ ማን እንደቀረ ይነግርሃል?»

ሰው ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ወደኔ መጣ።

«አንተ የመጨረሻው ነህ። ከአንተ ኋላ ማንም እንዳይኖር።»

«እሺ አባዬ።»

ልክ በዚህ ሰዓት ጋሽ አበበ ከታክሲ ወረዱ። የሙሽራው ወገን ቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ እሳቸው ከሥራ ዘግይተው ቀርተው ሊያጅቡ ወደኛ መጡ። ጭምድድ ያለ ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፤ ክራባታቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። የኮሮላዬን በር ከፈትኩላቸው ማለት ያንሳል፣ በሩን ልነቅለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

አባዬ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ አያቸው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«እዚህ አይደለም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መሃል ካሉት መኪናዎች ባንዱ ይግቡ።»

«አይ፣ አይጨነቁ» አሉ ጋሽ አበበ፤ ፈገግ አሉ። «እኔ ጅራት ላይ መሆን ለምጃለሁ።»

አባዬ መስኮቱን የያዘበትን እጁን አነሳ። ዞሮ ወደ ፊት ሄደ፤ አካሄዱ ግን ቅድም ያሰልፍ የነበረው ሰው አካሄድ አልነበረም።

*

ቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ፣ ተዘመረ፣ ተለቀሰ። ከዚያ ሲቲ ፓርክ ለፎቶ ሄድን። ፀዲ ከሐይቁ ዳር ቆማ «ኢዩ፣ ፎቶ ውስጥ ና!» ትላለች፤ እኔ ሰዓት ነው የማየው። ጠዋት በመንገድ ላይ ጋሽ አበበ «መጀመሪያ ይጋቡ» ብለው ስላገዱኝ፣ ይዣቸው መኪና ውስጥ እስክገባ ቸኩያለሁ። በመጨረሻ አባዬ እጁን አነሳ፣ ሞተር ተነሳ፣ ክላክሱ ቀለጠ፣ በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ፣ ኦሮራ ወዳለው አዳራሽ ጉዞ ጀመርን። ሁሉም ፍሬቻውን እያበለጨለጨ።

«ሠርጉ ዕለት ጠይቀኝ ብለውኛል» አልኳቸው ገና ከፓርኩ ሳንወጣ።

«አንተ ልጅ አትረሳም።»

«አልረሳም።»

ክራባታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ያስሩ ጀመር። «አባትህ ቀልደኛ እንደነበረ ታውቃለህ?»

«የኔ አባት?»

«የአለቆቻችንን አካሄድ ሲያስመስል ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንወድቀው። አንድ ሻምበል ነበረን፣ ሲሄድ አንድ ትከሻው ይቀድመዋል። አባትህ እንደሱ ሆኖ ሲያዘን ሻምበሉ ከኋላ መጥቶ አየው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻምበሉ ራሱ ሳቀ! በድሉን ማን ይቀጣዋል?»

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይህ ሰው ቀልደኛ የሚለው፣ ቴሌቪዥን ላይ ኮሜዲ ሲመጣ ክፍሉን ለቆ የሚወጣውን አባቴን ነው። የማቲን መኪና ፍሬቻ እያየሁ፣ ጆሮዬ ግን ሙሉ በሙሉ እሳቸው ጋ ነው። በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

«ሁለታችንም ሹፌሮች ነበርን» አሉ። «ኡራል፣ የራሽያ መኪና፣ ትልቅ። አባትህ ጎበዝ ስለሆነ የኮንቮዩን ፊተኛ ይነዳል። እኔ የመጨረሻዋን። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ስትወርድ መንገዱ ተራራው ላይ እየታጠፈ ነው የሚወርደው። ፊተኛው ታች መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀና ካለ የመጨረሻዋን ከራሱ በላይ ያያታል። ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ክላክስ ያደርግልኝ ነበር። እኔም እመልስለታለሁ።»

ክቤክ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ማቲ በአንድ እጁ እየነዳ በአንዱ እየቀረጸ አልፎ ሄደ። አልቆመም፤ ስፖኪዮውንም አላየ።

«አንድ ቀን የኔዋ ሞተር ቀጥ አለች። እዚያው መታጠፊያ ላይ። ከላይ ተኩስ ተከፈተ። ከፊቴ ያለው ሄደ፤ ይመስለኛል አላየኝም። አባትህ ግን አየኝ። ታች ሆኖ ቆመ። እሱ ሲቆም ኮንቮዩ ሁሉ ቆመ። በዐይኔ አየሁት ኢዩኤል፤ ሰው አንድ ሲጋራ አጭሶ የሚጨርስበትን ጊዜ ያህል ቆመ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄደ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሴንትራል ፓርክ ከሚባለው ሰፈር በኩል መጥተው ወደ ኮልፋክስ የታጠፉ መኪናዎች ከፊቴ ነበሩ፤ ሪባን፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ። ተከተልኳቸው። ሌላ ምን ላስብ? በኮልፋክስ ላይ ክላክስ እያደረገ፣ ሪባን አስሮ የሚሄድ ሐበሻ የኛ ካልሆነ የማን ይሆናል?

«ለምን ሄደ?» አልኩ።

«መኮንኑ ነዋ! ፊተኛው ጋቢና ውስጥ ሁልጊዜ መኮንን ይቀመጣል። ሂድ ካለህ ትሄዳለህ፣ አለዚያ ግንባርህን ይልሃል። እኔን አማፂዎቹ ማረኩኝ፤ ውሃ ሰጡኝ፣ ደህና ሰዎች ነበሩ፤ የዚያን ወሬ ሌላ ቀን። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ጋቢና አስባታለሁ። ሲለምነው፣ መኮንኑ ሲቆጣው... እንደዚያ ብዬ ነው የዘጋሁት። ተገዶ ነው።»

ተገዶ ነው! ደስታው ከእግሬ ተነስቶ አናቴ ድረስ ወጣ። ክላክሴን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ መታሁት፤ ከፊቴ ያሉት መለሱልኝ፤ አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ እልል አለች። አባቴ ተገዶ ነው! ቀጥሎ የለመደብኝ ጥርጣሬ መጣ። ስኮትላንድ ሆኜ ታሪካቸውን የጻፍኩላቸው ወታደሮች በሙሉ፣ እነሱ እንደሚሉት፣ አጠገባቸው የሚያዝ መኮንን ነበር። ሁሉም። አንዳቸውም ብቻቸውን አልነበሩም። ያን ጊዜ አምኜ ጻፍኩላቸው። አሁን ግን ይህ ብቻ እውነት እንዲሆን ፈለግኩ፤ ጥርጣሬዬን በክላክስ ሸፈንኩት፤ ሃቫና መንገድ ላይ ሲታጠፉ አብሬ ታጠፍኩ።

*

አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ገብተን ቆምን። ሰዎች ከመኪናቸው እየወረዱ ተቃቀፉ። ከአዳራሹ ውስጥ ድቤ ይሰማል። መዝሙር አይደለም፤ መንዙማ ነው። ጋሽ አበበ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ግራ ቀኙን አዩ።

«ኢዩኤል።»

«አቤት።»

«ፀዲ ከመቼ ወዲህ ነው የሰለመችው?»

ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወጣት እየሳቀ መጥቶ በሬን ከፈተ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ሙኒብ እባላለሁ፣ የሙሽራዋ የኑሰይባ ወንድም ነኝ። ግቡ፣ ግቡ!»

«ወንድም፣ ተሳስተን ነው» አልኩት። «የሌላ ሠርግ ነን። እናንተን ተከትለን...»

«የሌላ ሠርግ?» መኪናዬ ላይ ያለውን ሪባን አየ። ከዚያ ዞሮ ጮኸ፦ «እማዬ! የጴንጤ ሠርግ ጎትተን መጥተናል!»

እናቱ ወይዘሮ ማህፉዛ ሳምቡሳ የሞላ ሳህን ይዘው መጡ። «ታዲያ በባዶ ሆድ ልትመልሳቸው ነው እንዴ? እንኩ፣ ቅመሱ። ሠርግ ሠርግ ነው።» ጋሽ አበበ ሁለት አነሱ። እየሳቅን፣ እያፈርን፣ እየበላን ሳለ ስልኬ ጮኸ። አባዬ ነው።

«የት ነህ?»

«አባዬ፣ ይቅርታ፣ ሌላ ሠርግ ተከትዬ ሃቫና ገባሁ። ደህና ነን። ቅርብ ነው፤ አሁን እንመጣለን።»

«አበበ አብሮህ ነው?»

አበበ አለ። አቶ አይደለም፣ እርስዎ አይደለም። አበበ።

«አዎ፣ አብረን ነን።»

ከኋላው የሰው ድምፅ፣ ክላክስ፣ የፀዲ ሳቅ ይሰማኛል።

«እዚያው ቁሙ። እመጣለሁ።»

«አባዬ፣ አያስፈልግም! መንገዱን እናውቀዋለን፣ እናንተ አዳራሽ ግቡ—»

«ኢዩኤል! ከቆማችሁበት እንዳትነቃነቁ!»

ከዚያ ስልኩን ጭኑ ላይ የጣለው መሰለኝ። የጎማ ጩኸት ሰማሁ። ፀዲ ጮኸች፦ «ዳዲ! ኦ ማይ ጋድ! ዳዲ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ? ሰው አዳራሽ ሞልቷል! ቬሌ! ቢንያም፣ ቬሌን ረግጠኸዋል!» ሙሽራው ቢንያም ሲስቅ ይሰማል። ቀጥሎ ከኋላቸው አንድ ክላክስ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ አበበ።

«እመጣለሁ አለ።»

ሳምቡሳውን ሳህኑ ላይ መለሱት። እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ክራባታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ሄደው ከኮሮላዬ ኋላ ቆሙ፣ መንገዱን እያዩ፣ አንድ እጃቸውን መኪናዋ ላይ አድርገው።

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። ከዚያ ነጯ መኪና፣ አንድ ሪባኗ ተበጥሶ እየተውለበለበ፣ ሃቫናን አቋርጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ገባች፣ አንድ ጎማዋን ጠርዙ ላይ ሰቅላ ቆመች። ከኋላዋ የኛ ሠርግ በሙሉ ተከታትሎ ገባ፤ እናቴ፣ ፓስተሩ፣ ሚዜዎቹ፣ ስልኩን አሁንም ያልጣለው ማቲ። የኑሰይባ ሠርገኞች ወጥተው ያጨበጭባሉ፤ ክላክስ በክላክስ ላይ፤ እልልታው ከሁለት ወገን። አባዬ በሩን ክፍት ትቶ ወረደ። ማንንም አላየ። በሰዎቹ መሃል አልፎ ጋሽ አበበ ፊት ሄዶ ቆመ። እያለከለከ ነበር፣ በእግሩ የሮጠ ይመስል።

«አበበ» አለ።

«ዛሬ አወቅከኝ?»

«ያን ቀንም አውቄሃለሁ።»

«እሱንማ እኔም አውቄአለሁ።»

«ሞተሃል ብዬ ነበር።»

«አልሞትኩም። ኮሜርስ ሲቲ ነኝ።»

አባዬ ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘለትም። ጋሽ አበበ ፈጠን ብለው ክንዱን ያዙት። «ተወው በቃ። ወታደር ነበርን። መኮንኑ ሂድ ካለህ ምን ታደርግ ነበር?»

«መኮንን አልነበረም።»

«እንዴት?»

«ሻምበሉ ታሞ አሥመራ ቀርቶ ነበር። ያን ዕለት ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ አበበ። ሂድ ያለኝ ሰው የለም።»

ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ቅድም በክላክስ የሸፈንኩት ጥርጣሬ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ምንም አላስደሰተኝም።

ጋሽ አበበ ክንዱን አልለቀቁም። «ቢሆንስ? ኡራል እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ የት ይዞራል? ገደል ነው እኮ። ብትዞር ትገለበጥ ነበር።»

መውጫ በር እየከፈቱለት ነበር። ሹፌር ለሹፌር ሊሰጠው የሚችለውን ትልቁን በር። አባዬ አልገባበትም።

«ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ማዞሪያ ነበር» አለ። «አይቼዋለሁ። ፍጥነት ቀነስኩ። ከዚያ አለፍኩት።»

ጋሽ አበበ እጃቸውን አነሱ። መሬት አዩ። ፓርኪንጉ በደስታ ይጮሃል፤ እናቴ ግን ከሩቅ አይታ ቆማ ቀረች። ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ትተውት፣ ሠርጉንም ትተው፣ በእግራቸው ሃቫናን ይዘው የሚሄዱ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉና ጠርዙ ላይ የተሰቀለችውን ነጭ መኪና አዩ፤ የተበጠሰውን ሪባን፣ ከኋላዋ የተግተለተለውን ሁሉ።

«ይቺንስ የት ነው ያዞርካት?»

«ኮልፋክስ ላይ።»

«ኮልፋክስ የት ጋ?»

«መሃል ላይ።»

«እዚያ ዩ-ተርን ክልክል ነው እኮ!»

«ክልክል ነው።»

«ይሄን ሁሉ መኪና ይዘህ?»

«ተከትለውኝ ዞሩ።»

«ሁሉም!» ብላ ጮኸች ፀዲ በመስኮቱ፣ ቬሏ ተጣሞ። «ባስ አስቁመን! አንዱ ሰውዬ ሁላችንንም ሰደበን! ከነሙሽራው!»

ጋሽ አበበ ሳቁ። ከሆዳቸው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ሳቅ ብቻ አልነበረም። አባዬን ደረቱን በቡጢ መቱት፣ ትንሽ ጠንከር አድርገው፤ ደግመው መቱት። አባዬ ዝም ብሎ ተመታ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙና ቆዩ፤ የአባዬን ጀርባ ብቻ ነው የማየው፣ ሱፉ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ።

ስኮትላንድ ያወቅኳቸው ወታደሮች እንዲህ ሲሆኑ መቅረጫዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኪሴ ከተትኩት።

«ወንድሞቼ!» አለ ሙኒብ እጁን እያጨበጨበ። «ወይ ግቡ፣ ወይ ውጡ! ምግብ ይበቃል፣ ፓርኪንጉ ግን አልበቃንም!»

ወይዘሮ ማህፉዛ ፀዲን በመስኮት ስመው መረቋት፤ የቀረውን ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው እናቴ እቅፍ ውስጥ አደረጉ። አባዬ የነጯን መኪና የጋቢና በር ከፈተና ጋሽ አበበን አየ። በእጁ አመለከተ። ጋሽ አበበ ገብተው ተቀመጡ፤ መኮንን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፤ ወዲያው መስኮት አውርደው በአንድ ትከሻቸው ቀደም ቀደም እያሉ ትዕዛዝ መስጠት ጀመሩ። «ሾፌር! ሞተር አስነሳ!» አባዬ ሳቀ። በድምፅ። ማቲ እንኳን መቅረጹን ረስቶ አየው።

ሊገባ ሲል ተመልሶ ወደኔ መጣ። ኮሮላዬ መስኮት ላይ ጎንበስ አለ፣ እንደ ጠዋቱ።

«ከኋላ ትሆናለህ?» አለ። ጠዋት ትዕዛዝ ነበር።

«እሆናለሁ። አባዬ... ብዙ የምጠይቅህ አለኝ።»

«አውቃለሁ።» መስኮቱን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። «ትሄዳለህ ወይስ ትቆያለህ?»

«እቆያለሁ» አልኩ፤ አፌ ነው ከኔ የቀደመው።

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?»

ሄደ። ሞተሮቹ ተነሱ። የሙኒብ ሰዎች እስከ ኮልፋክስ ድረስ አብረው አጀቡን፤ ከዚያ ክላክስ አድርገውልን ተመለሱ። አንድ መብራት ላይ ቀይ ያዘኝ፤ ማቲ ከመብራቱ ወዲያ ፍጥነት ቀነሰ፣ ከፊቱ ያለው ቀነሰ፣ እስከ ነጯ መኪና ድረስ ሁሉም ቀስ በቀስ ዳር ይዞ ቆመ። ክላክሴን አንድ ጊዜ ነካሁት። ከሩቅ፣ ከፊት፣ አባዬ መለሰልኝ።